ሁለት ነጥብ እና ያልቆሸሸው ሸሚዝ

እንፋሎት ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ በላውንደሪ ቤታቸው ካውያ አጠገብ ስላደገች ብቻ ሳይሆን፣ ሲነኳት ‹ጭስስ› ስለምትል ነው። ደግነቱ ቶሎ ትበርዳለች። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን የምትበርድ አትመስልም ነበር። ፊቷ ያለው ኮምፒውተር ቀይ በቀይ ሆኖባታል፤ የፕሮግራም አጻጻፍ ጀማሪዎች ክፍል ተማሪ ሁሉ መልመጃውን ጨርሶ ወሬ ይዟል፤ እሷ ከመጀመሪያዋ መስመር ፈቀቅ አላለችም።

«ሁለት ነጥብ የለም» አላት ከትከሻዋ በላይ አንድ ለስላሳ ድምፅ።

«ምን?»

«መስመሩ መጨረሻ ላይ። ‹ልብሱ ከታጠበ› ብለሽ ጀመርሽና ዝም አልሽ። ከታጠበስ ምን ይደረግ? ቀጥሎ የሚመጣ ትእዛዝ እንዳለ በሁለት ነጥብ ንገሪው። ከዚያ ትእዛዙን ከሥሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርጊው፤ የማን እንደሆነ እንዲያውቅ።»

«ለሁለት ጠብታ ነው ይሄን ሁሉ ቀይ ያወረደብኝ?»

«ኮምፒውተር እኮ ነገር በግምት አይገባውም።»

«ታዲያ ከአጎቴ በምን ተሻለ!»

ልጁ ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። የክፍሉ አሰልጣኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ከወንበር ወንበር እየዞረ «ሁለት ነጥብ የለም» ሲል ስለሚውል ተማሪው «ሁለት ነጥብ» ብሎ ሰይሞታል፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። እንፋሎት ያን ዕለት ከሁሉ በላይ ልብ ያለችው ግን እጆቹን ነው። ከኋላው አጣምሮ ይይዛቸዋል። የተማሪ ኪቦርድ አይነካም፤ ሙት ቢሉት እንኳ አይነካም።

«ለምን አንተው አትጽፍልኝም? በአንድ ጊዜ ያልቅ ነበር» አለችው።

«እኔ ከጻፍኩት የእኔ ይሆናላ። የሰው ሥራ ላይ እጄን አላስገባም።»

ነገሩ ኩራት መሰላትና ‹ጭስስ› ልትል ነበር። ቀና ብላ ስታየው ግን ዓይኑ ውስጥ ኩራት የሚባል ነገር የለም። ዓይኗን ሰበረችና ሁለቱን ነጥቦች ጻፈች። ቀዩ ጠፋ።

እዚያ ክፍል ምን አመጣት ብትሉ፣ ያመጣት የአንድ ርዕሰ መምህር ሱሪ ነው። ላውንደሪውን የሚያንቀሳቅሱት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። ልብስ ሲበዛ የወረቀት መለያ ይረጥባል፣ ይቀደዳል፣ ይወድቃል፤ በመጨረሻ ለርዕሰ መምህሩ የአንድ ጎረምሳ ሱሪ ተጠቅልሎ ተሰጠውና ሰውየው የተማሪዎቹ ምረቃ ላይ ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ ንግግር አደረገ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ አንድ ሁለት እያለ ቀረ።

በዚህ መሀል ነው ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ሆቴል የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ የሚያጥብለት ቤት መፈለጉ የተሰማው። ልብስ እንደማይቀላቀል ማሳየት ለሚችል ብቻ ነው የሚሰጡት። የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ሌላ ከተማ መጋዘን ያለው አጎቷ፣ ይህን ሲሰማ ፍርዱን ሰጠ።

«ሆቴሉ እሺ ካላችሁ እሰየው። እምቢ ካለ ግን ቤቱን ዝጉ፤ ይቺም ሻንጣዋን ይዛ እኔ ጋ ትምጣና መጋዘን ትጠብቅ። ልብስ ማጠብ ትዳር አይሆንም!»

እናቷ ደክሟት ነበርና «እሺ» አለች። እንፋሎት ግን «እኔ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱ ልብስ የት እንዳለና የማን እንደሆነ የሚናገር» ብላ ተነሳች። አጎቷ ያን ቀን የሳቀው ሳቅ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ተሰምቷል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ሁለት ነጥብ እጁን አጣምሮ መጣና የጻፈችውን አነበበ። አነበበና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«እዚህ ‹ሀ› የሚል አለ። እዚህ ‹ነገርየው›። እዚህ ደግሞ ‹ነገርየው2›። ነገርየው ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነዋ።»

«ነገርየው2ስ?»

«እሱ... ሌላው ልብስ ነው። አይ፣ የባለቤቱ ስልክ። ቆይ፣ ላስበው።»

«አየሽ? ትናንት የጻፍሽውን ዛሬ ረሳሽው። ስም የሚወጣው ለኮምፒውተሩ አይደለም፤ እሱ ‹ድንች› ብትዪውም ግድ የለው። ስም የሚወጣው ነገ ለሚያነበው ሰው ነው። ስልኩን ‹የባለቤት_ስልክ› በዪው፤ መሀሉ ባዶ ቦታ ስለማይወድ በታች ሰረዝ አያይዢው። በቁጥር አትጀምሪ። ሥራ የሚሠራውን ክፍል ደግሞ በሥራው ጥሪው፤ ‹ልብስ_ፈልግ›፣ ‹ልብስ_አስረክብ› በዪው።»

«አንተስ ስምህን ብቀይረው ምን ልበልህ?»

አፏ አመለጣት። ጎን ያለችው ተማሪ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሁለት ነጥብ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወደ ቀጣዩ ወንበር ሄደና ሁለት ነጥብ በማይፈልግ መስመር ላይ «ሁለት ነጥብ የለም» አለ።

በሳምንቱ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ይዞ ላውንደሪው በር ላይ ተገኘ።

«ይታጠብልኝ» አለ።

እንፋሎት ሸሚዙን ገለባብጣ አየችው። አንገቱ ንጹሕ፣ እጅጌው ንጹሕ፣ ብብቱ ሳይቀር ንጹሕ። ምንም ሳትል ተቀበለችው። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ወሰደው። በሌላው ሳምንት ያንኑ ሸሚዝ፣ ያንኑ ንጹሕ፣ ይዞ መጣ። የልብስ መቀበያው ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ስለ ሁለት ነጥብ ሳይሆን ስለ ሁሉ ነገር ያወራል፤ እሷ ትተኩሳለች፤ ወሬው ሲያልቅ ደግሞ ዝም ብለው ይቆማሉ፣ ዝምታውም አይከብዳቸውም።

አንድ ቀን ሲወጣ እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለችና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ልጅ ሸሚዙን የሚያሳጥበው ነው ወይስ የሚያስጎበኘው?» አለቻት።

«እማዬ ደግሞ!»

«እኔ ምን አልኩ? ጨርቁ ሳስቶ አለቀ ነው ያልኩት። በዚህ ዓይነት ሳይጠይቅሽ ይቀደዳል።»

ፕሮግራሙ መልክ እየያዘ ሄደ። እንፋሎት ሀ እና ነገርየውን በሙሉ ጠራርጋ አወጣች። ስም ስታወጣ ግን የቤቷን ስም አወጣች። በዚያ ላውንደሪ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ እድፍ ያለበት ልብስ ‹በሽተኛ› ነው፤ ባለቤቱ የረሳው ‹ወላጅ አልባ› ነው፤ ታጥቦና ተተኩሶ ለመውጣት የተዘጋጀው ‹ሙሽራ› ነው። ፕሮግራሟም እንደዚያው ጠራቸው።

«‹ሙሽራ›?» አለ ሁለት ነጥብ ሲያይ።

«ሙሽራ። እናቴን ጠይቅ፤ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ ‹ስንት ሙሽራ አለ?› ብትላት ትነግርሃለች።»

«የሆቴሉ ሰዎች ግን...»

«የሆቴሉ ሰዎች አይተኩሱትም። የምተኩሰው እኔ ነኝ።»

አልተከራከረም። ሆቴሉ ሰው የሚልክበት ቀን ዋዜማ ላይ እንፋሎት ፕሮግራሙን በስልኳ ላከችለትና «መሥራቱን ብቻ እይልኝ» አለችው። ከልብስ ጋር ስትታገል የዋለች ልጅ ናት፤ አምናው ነው የሰጠችው። ነገ እሺ ከተባለ እዚሁ ትቀራለች፤ እምቢ ከተባለ ሻንጣ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፤ አጎቷ የአውቶቡሱን ትኬት ሳይቀር መቁረጡን ነግራዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ላውንደሪው ጥርግርግ ብሎ ጠበቀ። የሆቴሉ የልብስ ክፍል ኃላፊ መጣች፤ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቁጥብ ሴትዮ ናት። አጎቷ ጥግ ላይ ወንበር ስቦ እጁን አጣምሯል። ሁለት ነጥብ በር አጠገብ ቆሟል፤ እንፋሎት ዓይኑን ፈልጋ ስታጣው ትንሽ ገረማት፣ ግን ጊዜ አልነበራትም።

«ይኸው» አለች ኃላፊዋ የራሷን ኮትና ሁለት አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠች። «አሳዪኝ።»

እንፋሎት እያንዳንዱ ላይ ውሃ የማይፈራ መለያ አሰረች፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘው የመለያ ማንበቢያ መሣሪያ ነካ ነካ አደረገች፤ ስክሪኑ ላይ ስምና ቁጥር መጣ። መቀበል፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ለሙከራ በስክሪኑ ላይ ሁሉም አለፈ። እናቷ ትንፋሿን መልቀቅ ጀመረች።

«አሁን ማስረከብ» አለች እንፋሎት፣ ኮቱን በማንበቢያው ነካችው።

ስክሪኑ በቀይ ተሞላ።

እናቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ዓይኗን አጠበበች። «‹ሙሽራ› የሚባል አላውቅም ነው የሚለው? ምን ማለቱ ነው? በዚህ ቤት ሙሽራ የማያውቅ አለ እንዴ?»

«አላልኩም!» አለ አጎቷ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። እመቤት፣ ይቅርታ፣ ጊዜዎን አባከኑብዎት።»

እንፋሎት ክው ብላ ቀረች። ትናንት ሲሠራ ነበር፤ በዓይኗ አይታዋለች። ፕሮግራሙን ከፍታ ከላይ የተጻፈውን አየች። የእሷ ስሞች የሉም። ‹በሽተኛ› የነበረበት ላይ ‹እድፍ_ያለበት› ይላል፤ ‹ሙሽራ› የነበረበት ላይ ‹ተተኩሶ_ያለቀ› ይላል።

ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለ ሁለት ነጥብ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ስሞቹን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ትናንት በደንብ ይሠራ ነበር። እንዳይስቁብሽ ብዬ... ሙሽራ ሲያዩ እንዳይስቁብሽ ፈርቼ ነው። ማንበቢያ መሣሪያው እኔ ጋ ስለሌለ ማስረከቡን ሳልሞክረው መልሼ ላክሁልሽ። አንዱ ቦታ ላይ ረስቼዋለሁ።» እያለ ወደ ኪቦርዱ ተንደረደረ። «አንድ ደቂቃ ስጪኝ፣ አሁን...»

«እጅህን» አለች እንፋሎት።

ቆመ።

«እጅህን ወደ ኋላ።»

እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። እንፋሎት ደረቷ ውስጥ የሚፈላውን ነገር ዋጠችው፤ ለማልቀስም ለመጮህም ሌላ ቀን አለ። ራሱ እንዳስተማራት ቀዩን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረች፤ መጨረሻው ምን እንደጎደለ ይናገራል፣ ከእሱ ከፍ ያለው ደግሞ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ። መስመሩን አገኘችው። ‹ልብስ_አስረክብ› በሚለው ክፍል ውስጥ አንድ ‹ሙሽራ› ብቻዋን ቀርታለች።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለች ኃላፊዋ።

«አንድ ነገር ሁለት ስም ይዞ ነው፣ እትዬ። ከላይ አዲስ ስም ወጥቶለታል፤ እዚህ ታች ግን በድሮ ስሙ ይጠሩታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያልተዋወቀውን ሰው አያውቅም።»

ጻፈች። አንድ ጊዜ አነበበች። ኮቱን እንደገና ነካችው። የኃላፊዋ ስም፣ የኮቱ ቀለም፣ ‹ይረከቡ› የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሴትዮዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። ሁለቱን አንድ ዓይነት የደንብ ልብሶች አንስታ ከማንጠልጠያቸው አወጣች፤ አገለባበጠች፤ አቀያይራ ሰቀለች። «የትኛው የማን ነው?»

እንፋሎት ነካ አደረገች። «ይሄ የእንግዳ ተቀባዩ፤ ይሄ የአሳላፊው።» ኃላፊዋ ኮሌታቸው ውስጥ በክር የተጠለፈውን ስም ገልጣ አየች። ልክ ነው።

«ቅድም ሲበላሽ ልሄድ ነበር» አለች ሴትዮዋ። አጎቷ ራሱን ነቀነቀ። «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ያሠራነው ነበር፤ በጣም ያምር ነበር። አንድ ቀን ቀጥ አለ፤ የሚነካው ሰው ጠፋ። አስተናጋጆቼ በቤታቸው ልብስ ሲያስተናግዱ ከረሙ። የማይበላሽ ነገር አልጠይቅሽም፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሲበላሽ ዓይኑን ሳያሽ የሚያስተካክለው ሰው ነው የቸገረኝ።» ኮቷን ለበሰች። «ሰኞ መኪናው ይመጣል። አዘጋጂ።»

«እሰይ!» አለች እናቷ፣ ቀጥሎም ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች። አጎትየው የአውቶቡስ ትኬቱን ኪሱ ውስጥ ሲያሻሽ ይሰማ ነበር።

እንፋሎት ወደ በሩ ስትዞር ሁለት ነጥብ ሄዷል።

ጥሎ መሄዱ ይባስ አበገናት። ሰኞ መኪናው መጣ፤ ልብሱ እንደ ተራራ ተከመረ፤ ፕሮግራሙ ዝንፍ አላለም። ደስታው ልቧን ሞልቶት ሳለ አንድ ነገር ግን ይጎድላት ነበር፣ እሷም ታውቀዋለች። ሰማያዊው ሸሚዝ ከፊት መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ባለቤቱ አልመጣም። በሳምንቱ መጨረሻ ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ‹ወላጅ አልባ› ብሎ ጻፈበት።

እናቷ ጽሑፉን አየችው። ልጇንም አየች።

«በድሎሻል፣ እውነት ነው» አለች። «ግን በሰው ፊት ‹እኔ ነኝ› ያለ ወንድ ስንት አይተሻል? እኔስ ስንት አየሁ? አንጀቴን ነው የበላኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የጀማሪዎች ክፍል በር ተበረገደ። እንፋሎት ሰማያዊውን ሸሚዝ በማንጠልጠያው አንስታ ገባች። አዲስ ተማሪዎች አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ነጥብ ሰሌዳው አጠገብ እንደቆመ ደርቆ ቀረ።

«የተረሳ ልብስ ነው» አለች። «አትወስደውም?»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ?»

ተማሪዎቹን አየ፤ መሬቱን አየ፤ በመጨረሻ እሷን አየ። «ከወሰድኩት በኋላ መመለሻ ምክንያት አይኖረኝም ብዬ ነው። እዚያ ሰቅለሽው እስካለ ድረስ... አንድ ነገሬ አንቺ ጋ አለ እል ነበር።»

አንዱ ተማሪ «ኧረ ጉድ!» አለ፤ ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው።

እንፋሎት ለሳምንት ያጠራቀመችው ንግግር ነበራት፤ ግማሹ ከአፏ ጠፋ። የቀረውን አላስቀረችም። «አትነካም ብዬ ነው እኮ ያመንኩህ። እጁን አጣምሮ የሚዞር ሰው ነው ብዬ። ልትረዳኝ መሆኑን አላጣሁትም። ግን በሥራዬ አፈርክ፤ አፍረህበት ነው የቀየርከው።»

«አዎ» አለ። ሰበብ አልፈለገም። «አፍሬበት ነበር። አሁን ያፈርኩት በራሴ ነው። ደግሜ ሳልጠይቅሽ የአንቺን ነገር አልነካም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ዝም አለች። ያ ዝምታ ረዘመ፤ ግን በላውንደሪው ባንኮኒ ላይ ይጋሩት የነበረው ዓይነት ዝምታ ነበር፣ ሁለቱም አወቁት። ‹ጭስስ› ያለው ነገር ውስጧ ቀስ እያለ ሲበርድ ተሰማት።

«ስሞቹን መልሻቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «‹ሙሽራ› ሙሽራ ነው። ‹እድፍ_ያለበት› የሚለውን ግን ተውኩት፤ ልብስ በሽተኛ ሲባል እኔንም ሁልጊዜ ይከፋኝ ነበር። እሱ ላይ ትክክል ነህ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ። መጠየቅማ ካሁን ወዲያ ግዴታህ ነው።»

«ስትዘጊ መጥቼ ልሸኝሽ?»

«ሸሚዝ ሳትይዝ?»

«ሸሚዝ ሳልይዝ።»

ፊቷ በፈገግታ በራ። «ና» አለችው። ሸሚዙን ግን አልሰጠችውም፤ በማንጠልጠያው እንዳነሳችው ይዛው ወጣች።

ይህ ከሆነ ከርሟል። አጎትየው አሁን በመጣ ቁጥር ሙሉ ልብሱን ያሳጥባል፤ «የእህቴ ልጅ የጻፈችው ነው» እያለ ለማያውቀው ደንበኛ ሁሉ ስክሪኑን ያሳያል፣ እንዳልሳቀ ሰው። ላውንደሪው ለሆቴሉ ሥራ ጠበበና ጎን ያለውን ክፍል ጨመሩት። ከላይ ያሉትን ሁለት ጠባብ ክፍሎች ደግሞ እንፋሎትና ሁለት ነጥብ አብረው ሊኖሩባቸው ተከራዩአቸው። የግድግዳውን ቀለም የመረጡት ተጠያይቀው ነው፤ ክርክሩ ቀለም ከመቀባቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

ቅቡን በጨረሱበት ቀን ሁለት ነጥብ ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ ላውንደሪው ገባና ሰማያዊውን ሸሚዝ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ደረቱ ላይ ነጭ ቀለም፣ እጅጌው ላይ ነጭ ቀለም፣ ጀርባው ላይ ሳይቀር የእንፋሎት ሙሉ መዳፍ በነጭ ታትሞበታል።

እናቷ ሸሚዙን አነሳች። ገለባበጠችው። ወደ መስኮቱ አስጠግታ በብርሃን አየችው።

«እፎይ!» አለች ከልቧ። «ይሄ ልጅ በመጨረሻ የሚታጠብ ልብስ አመጣ!»

ልትቀበለው ስትል እንፋሎት ከኋላ ደርሳ ከእጇ ነጠቀቻት። «አይታጠብም፣ እማዬ» አለች። «ይሄኛውን እንዲሁ ነው የምንሰቅለው።»